ለድባቴ የኬታሚን ሕክምና ስፈልግና ስከፍል ያየሁት

ተነስቶ ፊት መታጠብ ዳገት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ያለፈበት ያውቀዋል። እኔ እዚያ ላይ እያለሁ ነው ሐኪሜ «ኬታሚንን ብናስብበትስ?» ያሉኝ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ግን ክሊኒክ መፈለግ አለ፣ መደወል አለ፣ ፎርም መሙላት አለ። ኢንሹራንሱን መጠየቅ፣ እምቢ ሲሉም መከራከር አለ። በሽታው የወሰደብኝን አቅም ሕክምናው ደግሞ ገና ሳይጀመር ይጠይቀኛል። ይህን የምጽፈው አሁን እዚያ ቦታ ላይ ላለ ሰው ነው። ወይም ለእሱ ስልክ ለሚደውልለት።

ስለዚህ ብቻችሁን አትጀምሩት። ለእኔ የደወለችልኝ ታላቅ እህቴ ናት። «አንቺ ተኚ፤ ስልኩን ለእኔ ተይው» አለችኝ። ለሌላ ሰው መረጃ አንሰጥም ሲሏት ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ አልጋዬ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። ስሜን ተናገርኩ፣ የልደት ቀኔን ተናገርኩ፣ «እሷ ታናግራችሁ፣ ፈቅጃለሁ» አልኩ። የእኔ ድርሻ ይህ ብቻ ነበር። ለዚያ ቀን የነበረኝ አቅምም ያው ነው። በኋላ ስሰማ ብዙ ቦታ አንድ ጊዜ የሚፈረም የፈቃድ ቅጽ አለ። እሱን ከፈረማችሁ የምታምኑት ሰው ከዚያ በኋላ ብቻውን መነጋገር ይችላል።

ሕይወትን የማጥፋት ሐሳብ የሚመጣባችሁ ከሆነ ደግሞ ይህን ቀጠሮ አትጠብቁ። ዛሬውኑ ለሰው ንገሩ፣ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። የኬታሚን ቀጠሮ እስኪደርስ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ያን ሐሳብ ይዞ ብቻን ሳምንታት መቀመጥ አይገባም። እኔም ሐሳቡ ነበረብኝ። ለእህቴ የነገርኳት ቀን ነው ትንሽ እንቅልፍ የተኛሁት።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ገንዘቡን ለመረዳት ግን መድኃኒቱን ማወቅ ያስፈልጋል።

ኬታሚን አዲስ ነገር አይደለም። የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። በ1970 በአሜሪካ ለማደንዘዣነት ተፈቀደ። ዛሬም በብዙ የቀዶ ሕክምና ክፍሎች ይሠራበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም አስፈላጊ ብሎ ከዘረዘራቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው። ለድባቴ እንደሚረዳ ያሳየ አንድ አነስተኛ ጥናት በ2000 ታተመ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የተስፋፋው። የተለመዱት የድባቴ እንክብሎች አብዛኞቹ በሴሮቶኒን በኩል ይሠራሉ፤ ለውጥ ለማየትም ሳምንታት ይፈጃሉ። ኬታሚን ግን ግሉታሜት በሚባለው የአንጎል ኬሚካል በኩል ነው የሚሄደው። ለሚሠራለት ሰው ለውጡ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ይታያል። ለሁሉም አይሠራም። ሲሠራም ብዙ ጊዜ በአንድ ዙር አያበቃም።

ዋናው ነገር ይኸውና። ሰው «ኬታሚን» ሲል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሊሆን ይችላል። አንደኛው በደም ሥር፣ በጠብታ የሚሰጠው የድሮው ኬታሚን ነው። ሁለተኛው ኤስኬታሚን ይባላል፤ በአፍንጫ የሚነፋ ነው፣ የንግድ ስሙ ስፕራቫቶ። የድሮው ኬታሚን እንደ ግራና ቀኝ እጅ የሚመሳሰሉ የሁለት ሞለኪውሎች ድብልቅ ነው። ኤስኬታሚን ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነው።

ታዲያ ይህ ከኪሳችን ጋር ምን አገናኘው? ሁሉንም ነገር። የድሮው ኬታሚን የፈጠራ መብቱ ካለፈ ቆይቷል። መድኃኒቱ ራሱ ርካሽ ነው። ርካሽ ስለሆነም ለድባቴ ብሎ ትልልቅ ጥናት አሠርቶ ፈቃድ ለማውጣት ገንዘቡን የሚያፈስ ኩባንያ እምብዛም የለም። ሐኪሞች በራሳቸው ውሳኔ ይሰጡታል፣ ይህን ማድረግም ይችላሉ። ኢንሹራንሶች ግን «ለዚህ በሽታ አልተፈቀደም» ብለው በአብዛኛው አይከፍሉም። ኤስኬታሚን በተቃራኒው ነው። ዋጋው ውድ ነው፤ ግን የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በመጋቢት 2019 መድኃኒት ላልበገረው ድባቴ ፈቅዶታል። መጀመሪያ ከእንክብል ጋር ተደርቦ ነበር፤ በጥር 2025 ብቻውንም እንዲሰጥ ተፈቀደ። ስለዚህ ኢንሹራንስ ሊከፍልለት ይችላል። ርካሹን ከኪስ እንከፍላለን፣ ውዱን ሌላ ሊከፍልልን ይችላል ማለት ነው። ይህም እንደየአገሩ ነው። የእንግሊዙ የጤና ገምጋሚ ተቋም ለምሳሌ በ2022 ኤስኬታሚን በመንግሥት የጤና አገልግሎት ለዚህ ድባቴ እንዲሰጥ አልመክርም ብሏል።

እኛ ይህን ሳናውቅ 2 ሳምንት ባከነብን። እህቴ ኢንሹራንሱን «ለድባቴ የሚሰጠውን የኬታሚን ሕክምና ትሸፍናላችሁ?» ብላ ጠየቀች። «አዎ፣ በቅድመ ፈቃድ» አሉ። ደስ ብሎን ክሊኒክ ያዝን። ክሊኒኩ የሚሰጠው ጠብታውን ነበር። ኢንሹራንሱ ያወራው ስለ አፍንጫው ነው። ያወቅነው ቀጠሮው ሊደርስ 1 ቀን ሲቀረው ነው። ስትደውሉ ስለዚህ «ኬታሚን» ብላችሁ አትተዉት። «በደም ሥር የሚሰጠው ነው ወይስ ኤስኬታሚን የሚባለው የአፍንጫ ስፕሬይ?» በሉ። የመለሰላችሁን ሰው ስምና ቀኑን ጻፉ።

ስለ መጻፍ ካነሳን፣ ከሁሉም በላይ የጠቀመን አንድ ተራ ደብተር ነው። እህቴ እስካሁን የወሰድኳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ አስጻፈችኝ። ስሙ፣ መጠኑ፣ የጀመርኩበትና ያቆምኩበት ወር፣ ያቆምኩበት ምክንያት። መጀመሪያ ያስታወስኩት 3 ብቻ ነበር። ድባቴ ትዝታንም ያደበዝዛል። ከዚያ መድኃኒት የምገዛበት ፋርማሲ ሄዳ የቆየውን መዝገብ አስወጣች። 5 ሆኑ። አንዱን ጭራሽ ረስቼዋለሁ፤ 3 ሳምንት ወስጄ ሰውነቴ ሲያሳክከኝ ያቆምኩት ነው። ያ የተረሳ መድኃኒት በኋላ ትልቅ ሥራ ሠራ።

መጀመሪያ ያየነው ክሊኒክ ጥሩ አልነበረም። አዳራሹ ያምራል፣ ሰዎቹ ትሁት ናቸው። ግን ጠብታው ሲጀመር የሚሰጡትን የ6ቱን ዙር (አንዱ ዙር አንድ ጊዜ መውሰድ ነው) ሙሉ ክፍያ በቅድሚያ ጠየቁ፤ ካቋረጥሽ አይመለስም አሉ። እህቴ አንድ ነገር አስተዋለች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስለ ደም ግፊቴ የጠየቀ የለም። ምን መድኃኒት እንደምወስድ የጠየቀ የለም። «ስለ ጤናዋ ምንም ሳትጠይቁ ስለ ካርዷ እንዴት ትጠይቃላችሁ?» አለቻቸውና ይዛኝ ወጣች። መኪና ውስጥ አለቀስኩ። የመጨረሻ ዕድሌ ያለፈኝ መስሎኝ ነበር። አላለፈኝም።

ደህና ክሊኒክ ብዙ ይጠይቃል። ኬታሚን ደም ግፊትን ለጊዜው ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ያልተስተካከለ ደም ግፊት ያለበት፣ የደም ሥር እብጠት ያለበት ወይም አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሶ የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ መታየት አለበት። እርግዝናም ይጠየቃል። ከዚህ በፊት የሌለ ነገር መስማት ወይም ማየት፣ ሱስ፣ የሽንት ፊኛ ችግር ካለ ይጠየቃል። ሁለተኛው ክሊኒክ ከሐኪሜ ደብዳቤ ካላመጣሽ አንጀምርም አለ። ያን ጊዜ እንደ እንቅፋት ታይቶኝ ነበር። አሁን ግን የተማመንኩባቸው በዚያ ነው እላለሁ።

ዋጋን በተመለከተ ደግሞ «አንዱ ዙር ስንት ነው?» ብቻ አትበሉ። የመጀመሪያው ምርመራ በዚያ ውስጥ አለ? የማቅለሽለሽ መድኃኒቱስ? ከ2 ወይም ከ3 ዙር በኋላ ካልተስማማኝ የቀረው ገንዘብ ይመለሳል? በየዙሩ መክፈል ይቻላል? ዝርዝር ደረሰኝስ ትሰጣላችሁ? ኢንሹራንሱ ጠብታውን ባይከፍልም የሐኪሙን ምርመራ ለብቻው ሊከፍል ይችላል። እኛ በዝርዝር ደረሰኝ አስገብተን የምርመራውን ክፍያ በከፊል አስመልሰናል። ከሁሉም በላይ ግን «ከ6ቱ በኋላስ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ይህን ሳልጠይቅ ነው የጀመርኩት።

የተለመደው አጀማመር በ2 ወይም በ3 ሳምንት ውስጥ 6 ዙር ነው። መጠኑ ለ1 ኪሎ ክብደት 0.5 ሚሊግራም፣ በ40 ደቂቃ ውስጥ ቀስ ብሎ ይገባል። ለማደንዘዣ ከሚሰጠው በጣም ያነሰ ነው። ወደ ኋላ የሚለጠጥ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ክንዴ ላይ የደም ግፊት መለኪያ፣ ጣቴ ላይ የኦክስጅን መለኪያ አለ። ነርሷ ጥግ ላይ ተቀምጣ ትጽፋለች። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እጄን አየሁት። የእኔ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ከሩቅ ያለ ይመስላል። የነርሷ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ የሚያሰማው ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ፈራሁ። «እዚህ ነኝ፣ ያልፋል» አለችኝ። አለፈ። ሲያልቅ አቅለሸለሸኝ፤ ቀኑን ሙሉ እግሬ ጥጥ የረገጠ ያህል ነበር።

ከሁለት ዙር በኋላ ምንም አልነበረም። ሦስተኛውን በወሰድኩ ማግስት ጠዋት ተኝቼ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ሲንጠባጠብ ሰማሁ። ለሳምንታት ሲንጠባጠብ ነበር። ተነስቼ ሄጄ አጠበቅኩት። እህቴ ከውጭ ገብታ «ቧንቧውን ማን ዘጋው?» አለች። «እኔ» አልኳት። የያዘችውን ሳታስቀምጥ ቆማ ቀረች።

ክሊኒኩ ከየዙሩ በፊት ፒኤችኪው-9 የሚባለውን መጠይቅ ያስሞላኛል። ስላለፉት 2 ሳምንታት የሚጠይቁ 9 ጥያቄዎች ናቸው፤ ድምሩ ከ0 እስከ 27 ይሄዳል፤ ከፍ ባለ ቁጥር ድባቴው የከፋ ነው። ስጀምር 22 ነበርኩ። ከ6ኛው በኋላ 9 ሆንኩ። ወረቀቶቹን አትጣሉ፣ ኮፒ ጠይቁ። ያን ጊዜ ለእኔ የስሜት ጉዳይ ብቻ ነበር፤ በኋላ ግን ኢንሹራንሱ ያመነው ያን ቁጥር ነው።

ከዚያ ምን ሆነ? ወር ሳይሞላ ጭጋጉ መመለስ ጀመረ። ጠዋት መነሳት እንደገና ከበደኝ። ክሊኒኩ «ማጠናከሪያ ያስፈልግሻል፣ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ» አለ። ያጠራቀምኩት ግን በ6ቱ አልቋል። ይህ ለእኔ ከሁሉም የከፋው ጊዜ ነው። መድኃኒት እንዳለ እያወቁ፣ የሚሠራ መሆኑንም እያወቁ መክፈል አለመቻል። የሚያስፈልገኝ የ6 ዙር ገንዘብ ሳይሆን የ1 ዓመት ዕቅድ ነበር። ከመጀመሪያው ባውቅ ኖሮ በኤስኬታሚኑ በኩል ነበር የምጀምረው። እናንተ ኢንሹራንስ ካላችሁ ያንን በር መጀመሪያ አንኳኩ። ከሌላችሁ ገንዘባችሁን ለማጠናከሪያውም አካፍላችሁ አስቡ።

ወደ ኢንሹራንሱ ተመለስን። ለኤስኬታሚን የሚጠይቁት ቢያንስ 2 የድባቴ መድኃኒቶችን በበቂ መጠንና ለበቂ ጊዜ ሞክሮ አለመዳንን ነው። ሐኪሜ ማመልከቻውን ላኩ። መልሱ «አልተፈቀደም» ነበር። ምክንያቱ አንዱ መድኃኒት ለበቂ ጊዜ አልተወሰደም የሚል ነው። ማመልከቻው ላይ የገቡት 2 ብቻ ነበሩ፤ 5ቱ አልነበሩም። ደብተሩ ያኔ ወጣ። ሐኪሜ 5ቱንም ከነቀናቸው ጻፉ። ያቺ የ3 ሳምንት መድኃኒት ለምን እንደቆመች፣ ሰውነቴ ስላልተቀበላት እንደሆነ ገለጹ። የፒኤችኪው-9 ወረቀቶቹን አያያዙ። ከኢንሹራንሱ ሐኪም ጋርም በስልክ ተነጋገሩ። ይህን መጠየቅ እንደሚቻል ብዙ ሰው አያውቅም። «ዶክተር፣ እርስዎ ራስዎ ቢያናግሯቸውስ?» ያለቻቸው እህቴ ናት። በ11ኛው ቀን ተፈቀደ።

የመጀመሪያው እምቢታ የመጨረሻ አይደለም። የእምቢታው ደብዳቤ ላይ ምክንያቱና የይግባኙ ቀነ ገደብ ተጽፏል። ምክንያቱን ቃል በቃል አንብቡት፤ መልሱም ለዚያው ምክንያት ብቻ ይሁን። እኔ ደብዳቤውን ሳላነብ ትራስ ሥር ከትቼው ነበር። እህቴ ነች ያወጣችው።

ፈቃድ ካገኘን በኋላም አንድ ነገር ገጠመን። ኤስኬታሚን ቤት ተወስዶ አይነፋም። በተመዘገበ የሕክምና ቦታ፣ ባለሙያ እያየ ነው የሚወሰደው፤ ከዚያ ቢያንስ 2 ሰዓት ክትትል አለ። ሂሳቡም ሁለት ነው፤ የመድኃኒቱ ለብቻ፣ የክትትሉ ለብቻ። ፈቃዱ የመድኃኒቱን ብቻ ሆኖ የክትትሉ ሂሳብ ቤት ድረስ መጣ። ተከራክረን አስተካከልነው፤ ግን አስቀድማችሁ «ሁለቱንም ነው የፈቀዳችሁት?» በሉ። ክሊኒኩ ከኢንሹራንሳችሁ ጋር ውል እንዳለውም አረጋግጡ።

ጊዜውንም አስሉት። መጀመሪያ ለ4 ሳምንት በሳምንት 2 ጊዜ ነው። ከዚያ ለ4 ሳምንት በሳምንት አንድ ጊዜ። ከዚያ በሳምንት ወይም በ2 ሳምንት አንዴ። በወሰዳችሁበት ቀን መኪና አትነዱም፤ በደንብ ተኝታችሁ እስከምትነሱበት እስከ ማግስቱ። ስለዚህ በየዙሩ የሚወስዳችሁና የሚመልሳችሁ ሰው ያስፈልጋል። ከመውሰዳችሁ 2 ሰዓት በፊት ምግብ፣ 30 ደቂቃ በፊት ደግሞ ውሃም አይወሰድም። እኔ ለአሠሪዬ ስለ ድባቴው ዝርዝር አልነገርኩም። ሐኪሜ «ለ2 ወር መደበኛ ሕክምና አላት» ብለው ጻፉልኝ፣ ያ በቃ። ከሥራ የቀረሁባቸው ሰዓታትም ገንዘብ ናቸው፤ ዕቅዳችሁ ውስጥ አስገቧቸው።

ኢንሹራንስም ገንዘብም ለሌለው መንገድ የለም ማለት አይደለም። የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ጥናት የሚያካሂዱበት ጊዜ አለ፤ ተሳታፊ ብዙ ጊዜ አይከፍልም። ግን መድኃኒት የሌለበት ምድብ ሊደርሳችሁ እንደሚችል አውቃችሁ ግቡ። በአንዳንድ አገር የኤስኬታሚን አምራች የክፍያ ድጋፍ አለው፤ ክሊኒኩን ጠይቁ። ደግሞ ኬታሚን ብቸኛው መፍትሔ አይደለም። በ2023 በታተመ ትልቅ ንጽጽር የሌለ ነገር የመስማትና የማየት ምልክት በሌለበት፣ መድኃኒት ባልበገረው ድባቴ ላይ ኬታሚን ከኤሌክትሪክ ሕክምናው (ሰው በማደንዘዣ ተኝቶ አንጎሉ በአጭር ኤሌክትሪክ ከሚታከምበት) እንደማያንስ ታይቷል። እኔ ይህን ወደ ሌላኛውም አቅጣጫ አነበዋለሁ። የኤሌክትሪክ ሕክምናው ኢንሹራንስ የሚቀበለው የቆየ ሕክምና ነው፤ ስሙ ስለሚያስፈራ ብቻ አትለፉት። ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩበት።

የማልመክረው ግን አለ። ገንዘብ ባለቀብኝ ሰሞን ኢንተርኔት ላይ «ቤት ድረስ እናመጣለን» የሚል ማስታወቂያ አየሁ። በምላስ ሥር የሚሟሟ ኬታሚን፣ በጥቂት ደቂቃ የቪዲዮ ጥሪ ታዞ በፖስታ የሚመጣ። ዋጋው ከክሊኒኩ በጣም ያንሳል። ጣቴ ማዘዣው ላይ ደርሶ ነበር። ሐኪሜን ጠየቅኩ። «ግፊትሽ ሲወጣ ማን ያይሻል? መተንፈስሽን ማን ይከታተላል?» አሉኝ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም በጥቅምት 2023 በፋርማሲ ተቀምሞ ያለክትትል ቤት ውስጥ ስለሚወሰድ ኬታሚን ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። መድኃኒቱ ሱስ ሊያስይዝ ይችላል፤ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የሽንት ፊኛን ይጎዳል። ስትቸገሩ እንደሚያጓጓ አውቃለሁ። እባካችሁ እጃችሁን ሰብስቡ።

አሁን በየ2 ሳምንቱ ሐሙስ እሄዳለሁ። ባለፈው ሐሙስ በመጠይቁ 6 ነበርኩ። ሥራ ተመልሻለሁ፤ እንክብሌንም አላቆምኩም፣ ከምክር ባለሙያዬ ጋር መነጋገሬንም እንደዚያው። ፈቃዱ ለ6 ወር ነው የሚሰጠው፣ ከዚያ መታደስ አለበት፤ ሲታደስም መሻሻሌን የሚያሳየውን ቁጥር ይጠይቃሉ። የሚያበቃው በሚቀጥለው ወር 20 ነው። እህቴ ደብተሩ ላይ በቀይ አክብባዋለች። ወረቀቶቹን 5 ቀን ቀደም ብለን እንልካለን፤ ዘንድሮ ስልኩን የምደውለው እኔ ነኝ።